«ኔትወርክ የለም» ከማለታችን በፊት



«ኔትወርክ የለም» የምትለዋ አጭር ዐረፍተ ነገር በፍኖተ ሰላምና በቡሬ ከሰላምታ ቀጥሎ በብዛት የምትሰማ ናት ብንል ብዙ አላጋነንም። በባንክ ተራ የሚጠብቀው ነጋዴ ይሰማታል። ከጅጋ ወይም ከማንኩሳ ተነስቶ ለጉዳይ ወደ ከተማ የመጣው ገበሬ ይሰማታል። ተማሪው በትምህርት ቤቱ የኮምፒዩተር ክፍል ይሰማታል፤ ማታም እቤቱ ገብቶ እሱ ራሱ ለአባቱ ይናገራታል። ሰሚው ሁሉ «አይ! የዛሬ ዘመን!» ብሎ ራሱን ነቅንቆ ይመለሳል እንጂ «የቱ ጋ ነው የጠፋው?» ብሎ አይጠይቅም።

ይህች ቃል ግን «ሆዴን አመመኝ» ከሚለው የበሽተኛ ቃል አትለይም። የሆድ ሕመም የብዙ በሽታዎች የጋራ ስም ነውና ሐኪሙ ሳይጠይቅና ሳይመረምር መድኃኒት አያዝም። «ኔትወርክ የለም» ማለትም እንደዚሁ የብዙ ብልሽቶች የጋራ ስም ነው። አንዱ ገመድ ላይ ያለ ነው። አንዱ አድራሻ ላይ ነው። ሌላው የኮምፒዩተሩ ሰዓት መሳሳት ነው። ሌላው ደግሞ ከቤታችንም ከኮምፒዩተራችንም ውጭ ያለና እኛ ብንለፋ የማናድነው ነው። ምርመራ ሳይደረግ የሚሰጥ መድኃኒት ግን በእኛ ከተሞች በጣም ተለምዷል፤ ስሙም «ፎርማት ይደረግ» ይባላል። ሁለተኛውና የሚብሰው ደግሞ «አርጅቷል፣ ጣሉትና አዲስ ግዙ» ነው። አበው «ሳይቸግር ጤፍ ብድር» ያሉት ለዚህ ዓይነቱ ነገር ይመስለናል።

እኛ ልጅነታችንን ግማሹን በመድረሳ ለውሕ ይዘን፣ ግማሹን በመንግሥት ትምህርት ቤት ደብተር ይዘን ያሳለፍን ነን። ዛሬ ደግሞ ከተማሪዎቻችን ጥቂት ብቻ በዕድሜ የሚያንሱ አሮጌ ኮምፒዩተሮች በተደረደሩበት ክፍል ውስጥ እናስተምራለን። ከእነዚህ መሣሪያዎች ጋር ስንኖር ያየነውንና የሠራልንን ለቤተሰቦችና ለወጣቶች ብናካፍል ይጠቅማል ብለን ይህችን ጽሑፍ አዘጋጅተናል።

አሮጌው ኮምፒዩተር ለምን ከእኛ ጋር ቆየ?

ኢንተርኔት ወደ አገራችን የገባው በ1989 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 1997) ነው። ያኔ አገልግሎቱ በስልክ መስመር እየደወሉ የሚገቡበት ሆኖ በአመዛኙ በአዲስ አበባ የተወሰነ ነበር። በ1990ዎቹ አጋማሽ ስኩልኔትና ወረዳኔት የተባሉት ፕሮግራሞች በሳተላይት አማካይነት ወደ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶችና ወደ ወረዳ ጽሕፈት ቤቶች ደረሱ። በግድግዳ ላይ የተሰቀለውን የፕላዝማ ቴሌቪዥን ትምህርት የሚያስታውሱ አንባቢያን ጥቂት አይደሉም። ከዚያም በስልክ ሽቦ የሚመጣው ኤዲኤስኤል፣ ቀጥሎ የሞባይል ኢንተርኔት፣ በመጨረሻም የፋይበር መስመር ተከታትለው መጡ። መስመሩ እንዲህ በየጊዜው ሲታደስ በቤታችንና በትምህርት ቤታችን ያለው ኮምፒዩተር ግን አብሮ አልታደሰም። አንድ አስተማሪ ወይም አንድ በርበሬ ነጋዴ በየአምስት ዓመቱ አዲስ ኮምፒዩተር መግዛት አይችልም። ስለዚህ አሮጌው መሣሪያ ከአዲሱ መስመር ጋር እንዲነጋገር ማድረግ የግድ ይሆናል።

ጉዳዩም የመዝናኛ ጉዳይ ብቻ አይደለም። በ2016 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል አገር አቀፍ ፈተና ለመጀመሪያ ጊዜ ከወረቀት ጎን ለጎን በኮምፒዩተር ተሰጥቷል። ውጤትም ሆነ የዩኒቨርሲቲ ምደባ የሚታየው በኢንተርኔት ነው። እንግዲህ በገጠር ትምህርት ቤት አንድ ኮምፒዩተር «ሞቷል» ተብሎ ዕቃ ቤት ሲገባ አንድ ልጅ አይጥ የምትባለውን የኮምፒዩተር መጠቆሚያ ሳይነካ ለፈተና ሊቀርብ ይችላል ማለት ነው። በሞተው ላይ ማዘን አይከፋም፤ ያልሞተውን መቅበር ግን ነውር ነው።

ሰንሰለቱን በየቀለበቱ

በመድረሳ ስንማር ኡስታዞቻችን አንድ ሐዲስ ሲመረመር ዘጋቢዎቹ አንድ በአንድ እንደሚታዩ ያስተምሩን ነበር። እገሌ ከእገሌ ሰማ፣ እሱም ከእገሌ ሰማ እየተባለ እስከ መጀመሪያው ይደረሳል። በመሐል አንድ ሰው ከጎደለ ሰንሰለቱ «ሙንቀጢዕ»፣ ማለትም የተቆረጠ ይባላል። ከቁርጡ ወዲህና ወዲያ ያሉት ሰዎች ምንም ያህል ታማኝ ቢሆኑ ቁርጡን አይጠግኑትም። ዓለማዊውን ትምህርት ስንማር የኔትወርክ ምርመራም በዚሁ መንገድ እንደሚሄድ አስተዋልን። ኮምፒዩተሩ ከገመዱ፣ ገመዱ ከስዊቹ፣ ስዊቹ ከራውተሩ፣ ራውተሩ ከቴሌ መስመር፣ መስመሩ ከዓለም ጋር ይያያዛል። የመርማሪው ሥራ ቁርጡ የቱ ቀለበት ላይ እንደሆነ ማግኘት ብቻ ነው። አንዱን ሳይጨርሱ ወደ ሌላው መዝለል፣ ወይም ሁሉንም ባንድ ጊዜ መነካካት ቁርጡን ይሰውረዋል።

አንደኛ፦ የእኔ ብቻ ነው ወይስ የሁሉም?

ከሁሉ በፊት የሚጠየቀው ይህ ነው። የጎረቤት ስልክ ይሠራል? በዚያው ክፍል ያሉት ሌሎቹ ኮምፒዩተሮችስ? ሁሉም ካልሠሩ የእርስዎን ኮምፒዩተር መፍታት ከንቱ ድካም ነው። ከሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በክልላችን በነበረው ሁኔታ የሞባይል ኢንተርኔት ለብዙ ወራት ተቋርጦ እንደነበር ሁላችንም እናስታውሳለን። በዚያን ጊዜ ስልካቸውንና ኮምፒዩተራቸውን ይዘው ወደ ጠጋኝ የሄዱ፣ ላልተበላሸ ዕቃም የከፈሉ ሰዎችን በዓይናችን አይተናል። ቁርጡ ከቤታቸው ውጭ ነበር። አንድ ጥያቄ ብቻ ገንዘባቸውን ታድንላቸው ነበር።

በተቃራኒው የአንዱ ብቻ ከሆነ ደስ ይበለን፤ ቁርጡ በእጃችን ርቀት ላይ ነው ማለት ነውና።

ሁለተኛ፦ መብራቶቹ ምን ይላሉ?

የኔትወርክ ገመድ በሚሰካበት ቀዳዳ ዳር፣ በኮምፒዩተሩም በስዊቹም በኩል፣ ትንንሽ መብራቶች አሉ። ገመዱ ሲሰካ ከበሩና ብልጭ ድርግም ካሉ ሁለቱ ዕቃዎች ተያይተዋል። ካልበሩ ወደ ሶፍትዌር መግባት አያስፈልግም፤ ችግሩ የሚዳሰስ ነገር ነው። ያን ጊዜ ገመዱን በሚሠራው ኮምፒዩተር ገመድ ለውጦ መሞከር ነው። በሌላው ገመድ ከሠራ ጥፋተኛው ገመዱ ነው። በሌላውም ካልሠራ ገመዱን በስዊቹ ላይ ወደ ሌላ ቀዳዳ ማዛወር፤ በዚያም ካልሆነ በኮምፒዩተሩ ውስጥ ያለውን የኔትወርክ ካርድ መጠርጠር ነው።

በአንድ የገጠር ትምህርት ቤት ከክፍሉ ኮምፒዩተሮች ግማሹ «ኔትወርክ የላቸውም» ተብለን ተጠርተን ነበር። ክፍሉ ከእህል መጋዘን ጋር ግድግዳ ይጋራል። ገመዶቹን ተከትለን ስንሄድ በጥጉ በኩል እውነተኛዋ አይጥ ልባሱን ገፍፋ፣ መዳቡን በጥሳ አገኘናት። ገመዱ ውስጥ ስምንት ቀጫጭን ሽቦዎች አሉ። የተማሪዎቹ ዓይን በስምንቱ ቀለማት ደነገጠ። አስተካክለን ጫፉን በአዲስ ሶኬት ስናስር ግን ቅደም ተከተሉን በአንድ ቀን በቃላቸው ያዙት፦ ነጭ ባለ ብርቱካን፣ ብርቱካን፣ ነጭ ባለ አረንጓዴ፣ ሰማያዊ፣ ነጭ ባለ ሰማያዊ፣ አረንጓዴ፣ ነጭ ባለ ቡናማ፣ ቡናማ። በሁለቱም ጫፍ አንድ ዓይነት መሆን አለበት። በአሮጌዎቹ ባለ 100 ሜጋቢት ካርዶች ከስምንቱ የሚሠሩት አራቱ ብቻ ናቸው፤ እነሱም 1ኛው፣ 2ኛው፣ 3ኛውና 6ኛው ናቸው። ከእነዚህ አንዱ ከተበጠሰ መብራቱ ይጠፋል ወይም ግንኙነቱ እየመጣ ይሄዳል። የአንድ ገመድ ርዝመትም ከ100 ሜትር ማለፍ የለበትም። ከአስተዳደር ሕንፃ እስከ ቤተ መጻሕፍት በግቢ ዙሪያ የተጎተተ ገመድ ይህን ልክ አልፎ «አንዳንዴ ይሠራል፣ አንዳንዴ እምቢ ይላል» የሚያሰኝበት ጊዜ አለ።

አቧራም ሌላው ጠላታችን ነው። የበጋው አቧራ በካርዱ ጥርሶች መካከል ይገባል። ኮምፒዩተሩ ጠፍቶ፣ ከሶኬት ተነቅሎ፣ እጃችንንም በብረቱ አካል ላይ አሳርፈን የሰውነታችንን ኤሌክትሪክ ካወረድን በኋላ ካርዱን ነቅሎ ወርቃማ ጥርሶቹን በእርሳስ ላጲስ ቀስ ብሎ ማሸትና መልሶ መትከል ብዙ «የሞቱ» ካርዶችን አስነስቷል።

በክረምት ደግሞ የጎጃምን መብረቅ መርሳት አይገባም። መብረቁ ቤቱን ባይመታም በስልክ ሽቦና በረጅም ገመድ በኩል የሚመጣው ኃይል ሞደሙንና ካርዱን ያቃጥላል። ሰማዩ ማጉረምረም ሲጀምር የመብራቱን መሰኪያ ብቻ ነቅሎ መተው አይበቃም፤ የስልኩንና የኔትወርኩንም ገመድ መንቀል ያስፈልጋል። መብራት ሄዶ ሲመለስም ኮምፒዩተሩን ከመውቀሳችን በፊት ስዊቹና ራውተሩ መነሳታቸውን እንይ። አጥፍቶ ሠላሳ ሰከንድ ቆይቶ ማብራት ነውር የለውም።

ሦስተኛ፦ አድራሻው የማነው?

መብራቱ በርቶ ግንኙነቱ ከሌለ ወደ አድራሻ እንሸጋገራለን። በኔትወርክ ውስጥ እያንዳንዱ ኮምፒዩተር የራሱ ቁጥር ያስፈልገዋል። ብዙ ጊዜ ቁጥሩን የሚያድለው ራውተሩ ነው። በዊንዶውስ ጥቁሩን የትእዛዝ መስኮት ከፍተን «አይፒኮንፊግ» የሚለውን ትእዛዝ በእንግሊዝኛ ፊደል ብንጽፍ ቁጥሩን ይነግረናል። ቁጥሩ በ169.254 የሚጀምር ከሆነ ትርጉሙ ግልጽ ነው፦ ኮምፒዩተሩ «አድራሻ ስጡኝ» ብሎ ጮኾ መላሽ አጥቷል፤ ለራሱም የይስሙላ ቁጥር ሰጥቷል። ስለዚህ ወደ ገመዱና ወደ ራውተሩ እንመለሳለን።

ሌላው የተለመደ ችግር ደግሞ ሁለት ኮምፒዩተሮች በአንድ ቁጥር መጠራታቸው ነው። ሁለት ቤቶች አንድ የቤት ቁጥር ቢኖራቸው ደብዳቤ አዳዩ ለየትኛው ይሰጣል? አንዱን ኮምፒዩተር አዘጋጅቶ ለሌሎቹ ሁሉ እየገለበጡ በእጅ ቁጥር በሚሰጥባቸው ክፍሎች ይህ ይደጋገማል። ከመሥሪያ ቤት በልገሳ የመጣ ኮምፒዩተርም የድሮ ቤቱን ቁጥር ይዞ ይመጣና በአዲሱ ቤት ባይተዋር ይሆናል። መፍትሔው በኔትወርኩ ማስተካከያ ውስጥ «አድራሻን በራስህ ተቀበል» የሚለውን መምረጥ ነው።

ከዚያ በኋላ «ፒንግ» በሚባለው ትእዛዝ ሰንሰለቱን በየቀለበቱ እናንኳኳለን። በመጀመሪያ 127.0.0.1ን፤ ይህ ኮምፒዩተሩ ራሱን ሲጠራ ነው። ቀጥሎ የራውተሩን ቁጥር፤ ብዙ ጊዜ 192.168.1.1 ነው። ቀጥሎ ከአገር ውጭ ያለ የታወቀ ቁጥር፣ ለምሳሌ 8.8.8.8ን። በመጨረሻ የአንድ ድረ ገጽን ስም። መልስ የጠፋበት ቦታ ቁርጡ ያለበት ነው። በቁጥር መልስ እየመጣ በስም ከጠፋ መስመሩ ጤነኛ ነው፤ የጎደለው ስምን ወደ ቁጥር የሚለውጠው አገልጋይ ነው። ይህም ዲኤንኤስ የሚባለው ሲሆን በማስተካከያው ውስጥ 8.8.8.8 ብሎ በመሙላት ብዙ ጊዜ ይፈታል።

አራተኛ፦ ቀኑ ስንት ነው?

ከሁሉ ይልቅ ሰው የማይጠረጥረው ይህ በመሆኑ ጥቂት እንዘርዝረው። በ2017 ዓ.ም. ግንቦት ላይ በቡሬ የሚኖሩ አንድ የበርበሬ ነጋዴ ቤታቸው ጠሩን። ልጃቸው የ12ኛ ክፍል ተማሪ ስትሆን በኮምፒዩተር መለማመድ ፈልጋለች።

«መምህር፣ ይኼ ዕቃ ሞቷል ተብለናል፤ ሁለት ኩንታል በርበሬ ሸጬ አዲስ ልገዛላት ነው» አሉን።

«ሐጂ፣ ማን ነው ሞቷል ያለዎት?»

«ሠሪው ነዋ! ሁለት ጊዜ ፎርማት አድርጎት እንኳ ጎግል አልከፍት አለ። ያለን ፎቶ ሁሉ በዚያው ሄደ፤ የእናቴ አላህ ይርሐማትና የሷ ምስል ሳይቀር።»

ኮምፒዩተሩን ከፈትነው። መብራቱ ይበራል፤ አድራሻው ትክክል ነው፤ ፒንግ ይመልሳል። ድረ ገጽ ሲከፈት ግን «ግንኙነቱ አስተማማኝ አይደለም» የሚል ማስጠንቀቂያ ይመጣል። ከታች በስተቀኝ ጥግ ያለውን ቀን አየነው፤ ዓመቱ 2017 ይላል።

«ማን ነው ቀኑን የሞላው?» ስንል ትንሹ ወንድሟ በኩራት «እኔ ነኝ! 2009 ይል ነበር፣ ተሳስቶ ነው ብዬ አስተካከልኩት» አለ።

ልጁ አላጠፋም፤ እቤቱ በግድግዳ ያለው የዘመን መቁጠሪያ 2017 ነው የሚለው። ኮምፒዩተሩ ግን የሚያውቀው የአውሮፓውያኑን አቆጣጠር ብቻ ነው፤ በዚያም ዓመቱ 2025 ነበር። ስለዚህ ኮምፒዩተሩ ስምንት ዓመት ወደ ኋላ ቀርቶ ይኖር ነበር ማለት ነው። እያንዳንዱ አስተማማኝ ድረ ገጽ የማንነት ምስክር ወረቀት አለው። ወረቀቱ ከዚህ ቀን እስከዚህ ቀን ይጸናል የሚል ገደብ ያለበት ሲሆን፣ ዕድሜውም አጭር ነው። በ2017 የሚኖር ኮምፒዩተር በ2025 የተጻፈ ወረቀት ሲቀርብለት «ይህ ገና ያልተወለደ ነው» ብሎ በሩን ይዘጋል። በእርግጥም በራሱ ሰዓት ሲታይ ትክክል ነው!

እኛ ሙስሊም ቤተሰቦች በሦስት አቆጣጠር እንኖራለን። ረመዳንንና ሐጅን በሒጅራ፣ የትምህርት ቤትንና የገበያን ነገር በኢትዮጵያ፣ የኮምፒዩተርንና የባሕር ማዶን ነገር በአውሮፓ አቆጣጠር እንቆጥራለን። ሦስቱን ማወቅ ሀብት ነው፤ ማደባለቅ ግን ያስቸግራል። ለኮምፒዩተር ቀን ስንሞላ ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ 22 ገደማ ሰባት፣ ከዚያ በኋላ እስከ ዓመቱ መጨረሻ ስምንት ዓመት እንጨምር። ወሩንና ቀኑንም አናምታታ፤ አንዳንዱ ኮምፒዩተር ወርን ከቀን አስቀድሞ ይጽፋል። ሰዓቱንም በአውሮፓው እንሙላ፤ የእኛ ጠዋት 2 ሰዓት ለእሱ 8 ሰዓት ነው። የሰዓት ቀጣናውን ናይሮቢ የሚለው ላይ ማድረግ ይበቃል፤ የኢትዮጵያና የኬንያ ሰዓት አንድ ነውና።

«ታዲያ መጀመሪያውኑ 2009 የሚለው ከየት መጣ?» ትሉን ይሆናል። በኮምፒዩተሩ ዋና ሰሌዳ ላይ ሲአር 2032 የምትባል፣ የሳንቲም ቅርጽ ያላት ባለ 3 ቮልት ባትሪ አለች። ኮምፒዩተሩ ከመብራት ሲነቀል ሰዓቱን በሕይወት የምታቆየው እሷ ናት። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ስትደክም መብራት በሄደ ቁጥር ሰዓቱ ወደ ፋብሪካው ዘመን ይመለሳል። ሰዓቱ የሚኖረው በሰሌዳው ላይ እንጂ ፋይል በሚቀመጥበት ዲስክ ላይ ስላልሆነ ዲስኩን አንድ ሺህ ጊዜ ፎርማት ማድረግ ሰዓቱን አያስተካክልም። ለሐጂ ቀኑን ስናርም ድረ ገጹ ወዲያው ተከፈተ፤ ባትሪዋን ስንቀይር ደግሞ ሰዓቱ ባለበት ጸና። በርበሬውም አልተሸጠም። የእናታቸው ፎቶግራፍ ግን አልተመለሰም። ሐጂ «አልሐምዱ ሊላህ» አሉና ዝም አሉ።

እናቶች ሆይ፣ አንድ ነገር እናስታውሳችሁ። አሮጌዋን የሳንቲም ባትሪ ሕፃናት በሚደርሱበት አትተዉ። ሕፃን ከዋጣት በሁለት ሰዓት ጊዜ ውስጥ ጉሮሮን አቃጥላ ከባድ ጉዳት ልታደርስ ትችላለች። ከተዋጠችም ጊዜ ሳይፈጅ ወደ ሆስፒታል መሮጥ ነው።

አምስተኛ፦ ዕድሜ ራሱ ሲሆን

ሁሉ ተሟልቶ እምቢ ካለ ዕድሜው ይመርመር። እ.ኤ.አ. በ2001 የወጣው ዊንዶውስ ኤክስፒ ከፋብሪካው ድጋፍ የተቋረጠበት ሚያዝያ 2014 ነው። ዊንዶውስ 7 በጥር 2020፣ ዊንዶውስ 10 ደግሞ በጥቅምት 2025 ተከተሉት። ክሮም የተባለው ማሰሻ ኤክስፒን በ2016፣ ዊንዶውስ 7ን በ2023 ትቷል። ድረ ገጾች ዛሬ የሚነጋገሩበት የምስጢር ቋንቋ ከአሮጌዎቹ ማሰሻዎች በኋላ የመጣ ነው። ስለዚህ መስመሩ እየሠራ ገጹ አይከፈትም። በመስከረም 30፣ 2021 (እ.ኤ.አ.) ደግሞ ብዙ ድረ ገጾች ይመሰክሩበት የነበረ አንድ ዋና የምስክርነት ሥር ዕድሜው አብቅቶ፣ ያልታደሱ ብዙ ኮምፒዩተሮችና ስልኮች በአንድ ሌሊት ገጽ መክፈት አቅቷቸው ነበር። በዚያን ዕለት ኮምፒዩተሮቹ ላይ አንዳች ሽቦ አልተበጠሰም።

በዋይፋይም እንዲሁ ነው። አዲሱ ራውተር በሁለት ሞገድ ይናገራል፤ 2.4 እና 5 ጊጋኸርትዝ ይባላሉ። ብዙ አሮጌ ላፕቶፖች የሚሰሙት የመጀመሪያውን ብቻ ነውና ሁለተኛው ብቻ ከተከፈተ ስሙን እንኳ አያዩትም። ያልታደሰ ኤክስፒም ደብሊው ፒ ኤ 2 የተባለውን የይለፍ ቃል ዘዴ አያውቅም። ቢያየውም አይገባም። መፍትሔው በራውተሩ ላይ 2.4ን መክፈት ወይም ኮምፒዩተሩን በገመድ ማገናኘት ነው። የዋይፋዩን ጥበቃ ማንሳት ግን መፍትሔ አይደለም፤ በርን ነቅሎ ቁልፍን እንደመገላገል ነው።

ለእንዲህ ዓይነቱ መሣሪያ ሁለት መንገድ አለ። አንደኛው ሊኑክስ ከሚባለው ነፃ ሥርዓት ለአሮጌ ኮምፒዩተር የተዘጋጀውን ቀላሉን መጫን ነው። ከመጫኑ በፊት ፋይሎቹ ሁሉ በሌላ ቦታ ይቀዱ። ሁለተኛው ኮምፒዩተሩን ለጽሑፍ፣ ለሒሳብ፣ ለትየባ ልምምድ መደበኛ አገልጋይ አድርጎ ከኢንተርኔት ማሳረፍ ነው። ድጋፉ በተቋረጠ ኮምፒዩተር ላይ የባንክ ሒሳብ ወይም የቴሌብር ምስጢር ቁጥር ማስገባት ግን አይገባም። የቤተሰብን ገንዘብ በር በሌለው ቤት ማስቀመጥ ይሆናልና።

ለሠሪዎች፣ ለወላጆችና ለወጣቶች

በጠጋኝነት ሙያ ለተሰማሩ ወንድሞችና እኅቶች የምንለው ይህ ነው። ዕቃውን የሚሰጣችሁ ሰው ስለ ሙያው አያውቅም፤ የምትነግሩትን ያምናል። ይህ እምነት አማና ነው። «አላወቅኩትም» ማለት «ተቃጥሏል» ከማለት ይሻላል። ፋይል ሳትቀዱ ፎርማት አታድርጉ፤ ባለቤቱን «ውስጡ የምትፈልጉት አለ?» ብላችሁ ጠይቁ። የሰው ልጅ ትዝታ መለዋወጫ የለውም።

ወላጆች ደግሞ በዕቃው ጉዳይ ወንድ ልጅን ብቻ አትጥሩ። በክፍላችን የገመድ ጫፍ ከሁሉ አስተካክላ የምታስረው ሴት ልጅ ናት። ጠመንጃ ፈቺ አይደለችም፤ የያዘችው ዊንዶሊት ነው። ልጆቻችን ዕቃ ፈትተው እንዲያዩ፣ በእናንተ ፊትና ከመብራት በተነቀለ ዕቃ ላይ ይሁን እንጂ፣ አትከልክሏቸው።

ወጣቶች ሆይ፣ እናንተ አንድ ደብተር ያዙ። ቀኑን፣ የታየውን ምልክት፣ የሞከራችሁትን፣ የሠራውንና ያልሠራውን ጻፉ። አንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ ለውጡ፤ ሁለት ለውጣችሁ ቢሠራ የትኛው እንዳዳነው አታውቁም። በእኛ ክፍል ያለችው ደብተር ዛሬ ከማናችንም የተሻለች መምህር ናት። በአንዷ ገጿ ላይ አንድ ተማሪ «6ኛው ኮምፒዩተር፦ ኔትወርክ የለም» ብሎ ጽፎ ነበር። ቀጥሎ ራሱ ሰርዞታል፤ በሥሩም «6ኛው ኮምፒዩተር፦ በስዊቹ በኩል ያለው ገመድ ላልቷል፤ ተስተካክሏል» ይላል። የዚህች ጽሑፍ ዓላማም ከዚህች እርማት የራቀ አይደለም።

ጠቃሚውን ዕውቀት አላህ ይለግሰን። ወሰላሙ ዐለይኩም።